ባቄላ ፍለጋ

ከደሴ ተነስቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚሄድ ሰው በመስኮት የሚያየው ሁሉ የሚበላ ነው። ለጋምቦ ከፍታ ላይ ገብስ፣ ትንሽ ዝቅ ሲል ስንዴና ባቄላ፣ ወደ ወግዲና ከላላ ግድም ጤፍ፣ መሬቱ ወደ ዐባይ ሸለቆ ሲያዘቀዝቅ ደግሞ ማሽላ። እንዲህ ባለ አገር ኪስ የማይጎዳና ሰውነት የሚጠግን የጾም ማዕድ ማግኘት ቀላል ሊመስል ይችላል። በ2015 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ግን እኔ ያን ማዕድ ፍለጋ ብዙ ተንከራትቻለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስበላው የኖርኩትን ጥራጥሬም ያን ጊዜ እንደ አዲስ ተዋወቅሁት።

ነገሩን ያመጣው ደም ማነስ ነው። አስተማሪ ነኝ። ወደ መካነ ሰላም ተዛውሬ ብዙም ሳልቆይ ደረጃ ስወጣ ዓይኔ ብዥ ይልብኝ፣ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ስናገር ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር። ጤና ጣቢያ ሄጄ ስመረመር ደሜ ዝቅ ብሎ ተገኘ። የመረመረኝ ባለሙያ ደግ ሰው ነበር። «ጉበት ብላ፣ እንቁላልም አዘውትር» አለኝና ወዲያው ቀኑን አስታውሶ ዝም አለ። ሁዳዴ የካቲት 13 ገብቶ ነበር። ለታመመ ሰው በንስሐ አባቱ ፈቃድ ጾሙ ሊቀልለት እንደሚችል ነገረኝ። እኔ ግን መጾም ፈልጌ ነበር፤ ደግሞስ ጾሙ ባይኖር የቤት ኪራይ ተከፍሎ፣ ለእናት ትንሽ ተልኮ በሚተርፈው የአስተማሪ ደመወዝ ስንት ጊዜ ሥጋ ቤት ይገባል? «በሥጋ ፈንታ ምን ልብላ?» ስለው በመድኃኒት ማዘዣው ጀርባ ላይ ጻፈልኝ፦ ባቄላ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ተልባ። ሎሚ ከተገኘ ምግቡ ላይ ይጨመቅ። ቡናና ሻይ ከምግብ ይራቅ። የብረት እንክብልም አዘዘልኝ፤ እሱን ግን በዚያ ሳምንት ከተማው ውስጥ ካሉት መድኃኒት ቤቶች አላገኘሁትም። ስለዚህ የቀረኝ የወረቀቱ ጀርባ ነበር።

እናቴ ደሴ ናት። ስደውልላት ነገሩን ከእኔ ይልቅ እሷ ይዛው ተነሳች። ቅዳሜ ሄጄ እስክደርስ የአተር ሽሮ አስፈጭታ፣ ምስር ከክታ፣ ተልባ አምሳ፣ በርበሬውን ከነቅመሙ አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። ሁሉንም በላስቲክ በላስቲክ ጠቅልላ በማዳበሪያ ከረጢት ከተተችው፤ በሶውን ብቻ ለመንገድ ብላ ክዳን ባለው ፕላስቲክ ዕቃ ለየችልኝ። «አንተ ልጅ፣ ሽሮን ከሰው አትግዛ። ዱቄት ምስጢሩን አይናገርም» አለችኝ። ያን ጊዜ እንደ ማንኛውም የእናት ምክር ሰማሁት።

አውቶቡሱ ሞልቶ ስለነበር ረዳቱ ከረጢቴን ፖርቶ መጋላ ላይ ከፍራሽና ከጀሪካን ጋር አሰረው። የበልግ ሰሞን ነበር። በዚያ ከፍታ በልግ ሲባል ዝናቡ ብቻ አይደለም፤ ጉሙ አለ፣ ብርዱ አለ፣ በረዶው አለ። የለጋምቦ ገበሬ ደግሞ ይህን ዝናብ አንጋጦ ነው የሚጠብቀው፤ በጥርና በየካቲት የዘራው ገብስ የሚበቅለው በዚህ ነውና። እኛን የያዘን በረዶ አቀስታ ሳንደርስ ጀመረ። ጭነቱ ላይ የነበረው ሸራ በነፋስ ተገልቦ ኖሯል። ሞተሩም በመሀል እያጓራ ቆመ፣ ተነሳ፣ ቆመ። አቀስታ የገባነው ሲመሽ ነው። ሾፌሩ «እዚሁ እናድራለን» አለ፤ ማንም አልተከራከረውም።

ሌሊቱን ያደርኩበት ቤት ባለቤት ለራት ያቀረቡልኝ የገብስ እንጀራ በሳማ ነበር። ሳማ ስል ያው አጥር ሥር የሚበቅለውን፣ ልጅ ሆነን ሲለበልበን ያለቀስንበትን ቅጠል ነው። በእኛ አገር ደጋ እንጂ ሌላ ቦታ የማይገኝ የሳማ ዓይነት ነው ይላሉ የዕፅዋት ሊቃውንት። ሴትየዋ እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ለጋ ለጋውን ይቀጥፉታል፤ ሲቀቀል መለብለቡን ይተዋል፤ በማማሰያ አድቅቀው የባቄላ ዱቄት ይነሰንሱበታል፣ ጨውና ነጭ ሽንኩርት ይጨምሩበታል። «የድሃ ጎመን ነው፤ አታዝንብኝ» አሉ ሲያቀርቡልኝ። የክፉ ቀን ምግብ ተብሎ ስለሚታወቅ ለእንግዳ ማቅረቡ ከብዷቸው ነበር። እኔ ግን ሞቆኝ፣ ጠግቤ ተኛሁ። ሳማ ብረትና ካልሲየም የሞላበት ቅጠል መሆኑን በኋላ ሳነብ ያቺን ሴት ተመልሼ ብነግራቸው ብዬ ተመኘሁ። ያፈሩበት ምግብ ጤና ባለሙያው በወረቀት ከጻፈልኝ ጋር የሚሰለፍ ነበር።

ጠዋት ከረጢቱ ሲወርድ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። ላስቲኮቹ ከጀሪካን ጋር ሲፋጩ ተቀድደዋል። ሽሮው ሊጥ ሆኗል፤ ተልባው ውሃ ሲነካው የሚያደርገውን አድርጎ ተዝለግልጎ በርበሬውን ይዞታል። ከምስሩ የተወሰነውን ምንጣፍ ላይ አድርቄ አተረፍኩ። በእናቴ እጅ የተደከመበት ነገር መንገድ ዳር ሲፈስ ማየት ከበደኝ፤ ስትደውልም «በደህና ደርሷል» አልኳት፤ ልቧን ላለመስበር ነው። በሶው ብቻ ደህና ነበር።

መካነ ሰላም ገብቼ በመጀመሪያው የገበያ ቀን ማልጄ ወጣሁ። የእህል ተራው ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ሽምብራ ሞልቶታል። ባቄላ ግን እዚህም እዚያም በጥቂት ቁና ብቻ ተቀምጧል፤ ዋጋውም ከስንዴው ርቆ ሄዷል። ባቄላ የዚህ ደጋ ልጅ አልነበረም እንዴ? አንድ የዚያው የቦረና ወረዳ ገበሬ ምክንያቱን ነገሩኝ። «ባቄላውን ቆርምድ ጨረሰው፣ ጋሼ» አሉ። ቆርምድ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜን ሸዋና በወሎ ደጋዎች የተስፋፋ የፈንገስ በሽታ ነው። ቅጠሉና ግንዱ ላይ አረንጓዴ እብጠት ያወጣል፣ እብጠቱ ቡናማ ይሆናል፣ ተክሉ ተኮራምቶ ፍሬ ሳይይዝ ይቀራል። ዝናብና ቅዝቃዜ ይስማማዋል፤ ከርሞም በአፈሩና በቃርሚያው ውስጥ ይቆያል። ገበሬው እንደነገሩኝ ጉዳቱ በባቄላ አይቆምም። ባቄላ በሥሩ ናይትሮጅን ለመሬቱ ትቶ ስለሚሄድ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ላይ የሚዘራው ገብስ ያለ ብዙ ማዳበሪያ ያምራል። ባቄላ ከማሳ ሲወጣ ገብሱም ይከሳል፤ የከተማው ደመወዝተኛም ንፍሮ ይወደድበታል።

ከአንድ ሱቅ የተፈጨ ሽሮ ገዛሁ። ዋጋው ከጠበቅሁት በጣም የረከሰ ነበር። ያን ዓመት ዘይቱም ሽንኩርቱም ኪስ ያቃጥል ነበር፤ በ2014 አምስት ሊትር ዘይት ከ1000 ብር ካለፈ ወዲህ የጾም ወጥ በብዙ ቤት ዘይት የሚሸተው ለእንግዳ ብቻ ሆኖ ነበር። እናም ሽሮው መርከሱ ደስ አለኝ። ምሳም ራትም እሱን በላሁ።

እዚህ ላይ ስለ አከራዬ መናገር አለብኝ። ያን ጊዜ የስድሳ ዓመት ሴት ነበሩ፤ ሙስሊም ናቸው፤ ልጆቻቸው ወደ ኮምቦልቻና ወደ ዐረብ አገር ተበትነዋል። ግቢያቸው ውስጥ ያለችውን አንዷን ክፍል ነው የተከራየሁት። አንድ ቀን ድስቴን ጥጄ ደብተር ሳርም ከደጃፌ ቆሙና «ልጄዋ፣ ይህ ሽሮ የምኑ ነው?» አሉ። «የአተር ነው ብለውኛል፣ እማማ።» ዱቄቱን ቆንጥረው በምላሳቸው ቀመሱ፤ እንደገና ቀመሱ። ምንም ሳይሉ ነጠላቸውን ደርበው «ና እንሂድ» አሉ።

ሱቁ ስንደርስ ከመፈጨቱ በፊት ያለውን እህል አሳዩኝ አሉት ባለ ሱቁን። እሱም ጆንያውን ከፈተ። ከአተሩ ጋር ማዕዘን ያለው፣ የምሳር ስለት የመሰለ ዥንጉርጉር ፍሬ ነበር፤ ከአተሩም ይበዛል። ጓያ ነው። ሰውዬው አልካደም። «ሁሉም ይህንን ነው የሚሸጠው። አተር ብቻ ብፈጭ ማን ይገዛኛል?» አለ። አከራዬ አልጮሁም፤ «ሽጠው፣ ነገር ግን ጓያ ነው በል» ብቻ አሉትና ወጣን።

በመንገድ ላይ ነው ታሪኩን የነገሩኝ። በወጣትነታቸው ከባለቤታቸው ጋር የበሽሎን ወንዝ ተሻግረው ምስርና ነጭ ሽንኩርት ሊገዙ ደላንታ ይሄዱ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ በሄዱበት አንድ ጊዜ በየመንገዱ ምርኩዝ ይዘው በእግራቸው ጣት የሚራመዱ ጎረምሶች አዩ። ጉልበታቸው እርስ በርሱ ይጋጫል። ድርቅ ሆኖ ሌላው እህል ከስሞ ጓያው ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ሕዝቡ ለወራት እሱኑ ቆልቶም፣ ቀቅሎም፣ እሸቱንም በላ። «ወላሂ፣ እንደዚያ ያለ ነገር አላየሁም። ትናንት ሲያርስ የነበረ ልጅ ዛሬ በበትር» አሉኝ።

የተናገሩት እውነት ነው፤ ለዓለምም ታውቋል። በደላንታ ዳውንትና በዋድላ በዚያ ዘመን ወደ 2000 የሚጠጉ ሰዎች በጓያ ምክንያት እግራቸው ሽባ እንደሆነ ኃይለየሱስ ጌታሁን፣ ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አውጥተውታል። ጓያ ውስጥ ኦዳፕ የሚባል ነርቭ የሚጎዳ ንጥረ ነገር አለ። ጓያ አልፎ አልፎ፣ ከሌላ እህል ጋር ቢበላ ብዙ ሰው አይጎዳም፤ ዋና ምግብ ሆኖ ሁለት ሦስት ወር ሲዘልቅ ግን እግር ይይዛል፣ የያዘውንም አይለቅም። ከሴቶች ይልቅ ወጣት ወንዶችን ያጠቃል። እነዚሁ ተመራማሪዎች በኋላ ባደረጉት ጥናት ቆሎው፣ ንፍሮውና ጥሬ እሸቱ አደጋውን እንደሚያብሱት፣ ጓያው ከእህል ጋር ሲደባለቅ ወይም ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በገባበት ወጥ መልክ ሲበላ ደግሞ አደጋው እንደሚቀንስ አሳይተዋል። በአገራችን ብዙ ሰው ሽባ የሚያደርገው የጓያው እንፋሎት ነው፣ ወይም በጓያ ማሳ ማቋረጥ፣ በገለባው ላይ መተኛት ነው ብሎ ያምናል። በዚህ እምነት የተነሳ እናቶች ድስቱ ሲፈላ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ልጁ ግን ቆሎውን በኪሱ ይዞ ከብት ይጠብቃል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው።

ጓያን ልጠላው አልችልም። ዝናብ ሲጠፋ የሚጸና፣ ውሃ ሲተኛበትም የሚችል፣ ብዙ እርሻ የማይፈልግ እህል ነው፤ ሌላው ሁሉ ሲከዳ እሱ ይገኛል። መርዙ የተቀነሰለት ዋሴ የሚባል ዝርያም ለገበሬው ተለቅቋል። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትም የተወሰነውን ያወጣለታል። የምጠላው ስሙ ተደብቆ መሸጡን ነው። ጓያ መሆኑን ያወቀ ሰው ከገብስና ከጤፍ ጋር ያቀላቅለዋል፣ በሳምንት አንዴ ያደርገዋል፣ ለልጁ ቆሎ አያደርገውም። አተር ነው ተብሎ የተሰጠው ሰው ግን በጾም ሰሞን ጠዋት ማታ ይበላዋል፤ ለዚያውም ለጤናው ብሎ። የወፍጮና የሽሮ ንግድ ፈቃድ የሚሰጠው አካል ከዚህ የቀለለ ሥራ ያለው አይመስለኝም፦ ጆንያው ላይ የእህሉ ስም ይጻፍ።

ያንን ሽሮ አከራዬ ጣለው አላሉኝም፤ ምግብ አይጣልም። ከራሳቸው ገብስ ዱቄት ደባልቀው በትንሹ እንድጨርሰው ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ ዱቄት አልገዛሁም፤ ፍሬውን ገዝቼ አይቼ ማስፈጨት ጀመርኩ። ይህ ደግሞ የራሱ ጣጣ ነበረው። መብራት በሄደ ቁጥር ወፍጮ ቤት ደጃፍ ተሰልፎ መዋል ነው። አንድ ጊዜ ወረፋዬ ደርሶ እህሉ ወፍጮው አፍ ውስጥ ሲገባ መብራት ጠፋ፤ ግማሹ ዱቄት፣ ግማሹ ክክ ሆኖ ቀረ። ክኩን ወጥ ሠራሁበት። ወፍጮ ቤት ደጃፍ ቁጭ ብለው ከሚያወሩ ሴቶች የተማርኩትን ያህል ግን የትም አልተማርኩም። ባቄላ ዘፍዝፈሽ ጉንቁል ካደረግሽው በትንሽ እንጨት ይበስላል፣ ሆድም አይነፋም ይባባላሉ። ሳይንሱም ከእነሱ ጋር ነው፤ ባቄላው ሲጎነቁል ብረትን አስሮ የሚይዘው ፊታት ይቀንሳል፣ ቪታሚን ሲ ይጨምራል፣ ሰውነት ብረቱን ያገኘዋል። የእንጀራ እርሾም ተመሳሳይ ሥራ ነው የሚሠራው። ጸሎተ ሐሙስ የምንበላው ጉልባን ስንዴና ባቄላ መቀላቀሉም እንዲሁ በዘፈቀደ አይመስለኝም። እህል ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፣ ጥራጥሬ ይሞላለታል፤ ጥራጥሬ ሜቲዮኒን ያንሰዋል፣ እህል ይሞላለታል። እልበት ከገብስ እንጀራ ጋር፣ ምስር ከጤፍ ጋር፣ የባቄላ ንፍሮ ከስንዴ ጋር፤ ሁሉም ያው ጥምረት ናቸው። የመጽሐፉን ስም ሳያውቁ መጽሐፉን የሠሩት እነዚህ ሴቶች ናቸው።

ቡናውን ማራቅ ግን በወሎ ምድር እንዴት ይሆናል? ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ በጥራጥሬና በቅጠል ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያግዳል፤ ደም ላነሰው ሰው አንድ ሁለት ሰዓት መለየት ይሻለዋል። አከራዬ ደግሞ ምሳ በልቼ እጄን ሳልታጠብ ጀበናውን ይጥዱ ነበር። «ቡና አልጠጣም» ማለት «ከእናንተ ጋር አልቀመጥም» ከማለት አይርቅም። ምክንያቱን ለመንገር ድፍረት ሳጣ ሰነበትኩ።

ያወጣኝ ረመዳን ነው። በዚያ ዓመት ረመዳን መጋቢት 14 ገባና ሁለታችንም ጾመኛ ሆንን። እሳቸው ከንጋት እስከ መግሪብ፣ እኔ ቅዳሴ እስኪወጣ። ቀን የሚፈላ ቡና ቀረ። ማታ አዛን ሲል ቴምርና ሾርባ፣ ምስር ያለበት ሳምቡሳ ይቀርባል። እሳቸው ለእኔ ብለው ሾርባውን ያለ ሥጋ፣ በአጃና በካሮት ሠሩት። እኔ ጎመንና ምስር፣ ሎሚ የተጨመቀበት ይዤ እገባለሁ። ቡናው የሚፈላው ከተራዊህ ሶላት ሲመለሱ ነው፤ ያን ጊዜ ከበላን ቆይቷል። የጤና ባለሙያው ያዘዘኝ ሰዓት በራሱ ጊዜ ተሞላ።

በወሎ ክርስቲያንና ሙስሊም ተጋብቶ፣ ተዋልዶ፣ በአንድ ዕድር ተቀምጦ ይኖራል፤ ሥጋ ላይ ብቻ ገበታው ይለያል፤ ማን ባረከው፣ ማን አረደው ይጠየቃል። ሰርግ ላይ ሁለት በሬ፣ ሁለት ድንኳን አለ። ለሽሮ፣ ለምስር፣ ለንፍሮ ግን ማንም ማንንም አይጠይቅም። በእነዚያ ሳምንታት ከአከራዬ ጋር ከአንድ ትሪ ነው የበላነው። ድህነት የሚያስበላው ምግብ ነው ተብሎ ዝቅ የሚደረገው ማዕድ በዚህ አገር ሁሉም እኩል እጁን የሚዘረጋበት ብቸኛ ማዕድ ነው። የሥጋ ወጥ የማይችለውን ያደርጋል፤ ለዚህ ብቻ እንኳ ልንከባከበው ይገባል እላለሁ።

ቅጠሉ ችግር ነበር። መሬቱ የበልግ ዝናብ ሳይጠግብ ጎመን በገበያ ይወደዳል። የአቀስታዋን ሴት አስታውሼ ሳማ ልለቅም ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ቁልቁለት ከተማሪዎቼ ጋር ወጣሁ። ደንቆሮ ጫካ፣ አሁን ብሔራዊ ፓርክ የሆነው፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖርበት፣ ከዚያ ራቅ ብሎ ነው፤ እሱ ጥብቅ ስለሆነ እኛ አልደፈርነውም፤ አጥር ለአጥር ነበር የለቀምነው። ሁለት ካልሲ እጄ ላይ ደርቤ ነበር፤ ካልሲው ስስ ኖሮ እጄ እስከ ክርኔ አበጠ። ተማሪዎቹ ልብሳቸውን እጃቸው ላይ ጠቅልለው ቀጠፉልኝ። ዝናብ መጣ፣ ወንዙ ሞላ፣ እስኪጎድል ከአንድ ገበሬ ቤት ተጠለልን፤ ቤተሰቡ ትኩስ ድንችና ሚጥሚጣ አቀረበልን። ቤት ስደርስ ሳማው በከረጢት ውስጥ ታፍኖ ግማሹ ጠቁሯል። አከራዬ የቀረውን ቀቅለው የባቄላ ዱቄት ነሰነሱበት። እሳቸውም ከልጅነታቸው ወዲህ አልቀመሱትም ነበርና ሲበሉ ስለ እናታቸው አወሩ።

ጨውም አለ። በደጋ ሰው አንገት ላይ እንቅርት የምናየው የአዮዲን እጥረት ነው፤ ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ በ2003 ዓ.ም. ደንብ ወጥቷል። የታሸገውን ገዝቶ ወጡ ሲወርድ መጨመር ነው፤ ብዙ ሲፈላ አዮዲኑ ይቀንሳል። ይህ ርካሽ ነው፤ ብዙ አልናገርበትም።

አንድ ነገር ግን በጥራጥሬና በቅጠል አይሞላም። ቪታሚን ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው፤ ደም ለመሥራት ያስፈልጋል፤ ነርቭም ይፈልገዋል። የእኛ ጾም ፍስክ ስላለው፣ በፍስኩ እንቁላልና ወተት ስለሚቀመስ ሰውነት ያከማቸውን ይዞ ይቆያል። ዓመቱን ሙሉ ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚታቀብ ሰው ግን በእንክብል ወይም በበለጸገ ምግብ ሊያገኘው ግድ ነው። ነፍሰ ጡርና አራስ እናት፣ ሕፃንና ሕመምተኛ ደግሞ ካህኑን ጠይቀው ይብሉ። ይህን ከአውደ ምሕረት የሚናገሩ አባቶችን ሰምቻለሁ፤ ደጋግመው ቢናገሩት ብዙ እናት ይድናል። እኔም ፋሲካ ሚያዝያ 8 ሲደርስ የመጀመሪያ ግዢዬ እንቁላል ሆነ። የአከራዬ ዒድ ከዚያ በአምስተኛው ቀን ነበር።

ደሜ ምን ያህል እንደተመለሰ ለማወቅ ሄጄ የመመርመሪያው ኬሚካል አልቆ ጠበቀኝ፤ ሌላ ጊዜ ስሄድም እንደዚያው። ደረጃ ስወጣ ዓይኔ ብዥ ማለቱን ትቷል። ትንፋሼ አያጥረኝም። ከዚያ በላይ ማስረጃ የለኝም።

በሰኔ ያ የቦረና ገበሬ ደግሞ ለዘር ባቄላ ሊፈልጉ ከተማ ወርደው አገኘኋቸው። በቀደመው ዓመት በቆርምድ የተመታውን ቃርሚያ ነቅለው አቃጥለዋል፤ ባቄላውን በዚያ ዓመት ገብስ በነበረበት ማሳ ሊዘሩት ነበር፤ ፀረ ፈንገስም በማኅበር ሊገዙ ተነጋግረዋል። «ካደረሰልን ከአውድማ ስጡኝ፣ አባባ» አልኳቸውና ቀብድ ሰጠኋቸው። ብሩን ቆጥረው በኮታቸው ኪስ ከተቱት። «ሳይከካ፣ ሳይፈጭ ነው የምሰጥህ፤ ዓይተህ ትወስዳለህ» አሉ። በማሳቸው ዳር ጥቂት ጓያም እንደሚዘሩ ነገሩኝ፤ እሱንም ከፈለግሁ ለብቻው ሊሰፍሩልኝ ተስማማን።